የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከፍተኛ ሥልጠና፦ ከዘነበወርቅ ልምድ አንጻር የቀረበ ሂስ

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና በአመዛኙ የቆመው በነርሶች ትከሻ ላይ መሆኑ በሙያው ውስጥ ላሉ ሁሉ የታወቀ ነው። የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ፣ አብዛኞቹ የሚሠሩት በአዲስ አበባና በጥቂት ታላላቅ ከተሞች ስለሆነ፣ ራቅ ባለ ወረዳ የሚኖር ሕመምተኛ በመጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜም በመጨረሻ፣ የሚያገኘው ባለሙያ ነርስ ነው። ስለሆነም የአእምሮ ሕክምና ነርስ በምን መንገድ ይሠልጥን የሚለው ጥያቄ ለአንድ የሙያ ዘርፍ ብቻ የሚተው አይደለም። ጥያቄው ሕመምተኛው በሰንሰለት ታስሮ እቤት ይቀመጣል ወይስ መድኃኒቱን እየወሰደ ወደ እርሻው ይመለሳል የሚለውን የሚወስን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ መሠረታዊውን የነርስነት ትምህርት ፈጽመው፣ በአጠቃላይ ሕክምና አገልግለው፣ ከዚያም ወደ አእምሮ ሕክምና ለሚሸጋገሩ ነርሶች የሚሰጠው ከፍተኛ ሥልጠና ነው። ሥልጠናው የሚመረመረው ከአንድ የታወቀ ሥፍራ፣ ይኸውም በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ከዘነበወርቅ ልምድ አንጻር ነው። ዘነበወርቅ የአእምሮ ሆስፒታል ያለበት ሥፍራ አይደለም። ይሁን እንጂ ኅብረተሰቡ በሚሸሸው ሕመም ላይ የጤና ሠራተኞችን የማሠልጠን የረጅም ጊዜ ልምድ የተከማቸበት በመሆኑ፣ የአእምሮ ሕክምና አሠልጣኞች ሊቀስሙት የሚገባ ትምህርትና ሊጠነቀቁለት የሚገባ ስሕተት በአንድነት ይገኙበታል።

፩. የሥልጠናው አመጣጥ

ነርስን ከሐኪም ረዳትነት አውጥቶ የራሱ ውሳኔና ኀላፊነት ያለው ባለሙያ የማድረግ ሐሳብ በአእምሮ ሕክምና ዘርፍ ቀድሞ የጎለበተ ነው። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ በነርሷና በሕመምተኛው መካከል የሚፈጠረው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን አስረድታለች። ከሁለት ዓመት በኋላም በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ለአእምሮ ሕክምና ነርሶች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ነርሶች ራሳቸው መርምረው እንዲያክሙ የሚያበቃ ሥልጠና አቋቋሙ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚታየው የከፍተኛ ነርስነት ሙያ በብዙው ከእነዚህ ሁለት ምንጮች የተቀዳ ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን የሐኪም እጥረትን መካከለኛ ባለሙያ በማሠልጠን የመሙላት ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ያሠማራ ነበር። ሠልጣኞቹ በኋላ አብረው የሚሠሩትን ሥራ ገና በትምህርት ላይ ሳሉ አብረው ይለማመዱ እንደነበር ማስታወስ ለዚህ ሂስ ጠቃሚ ነው።

በአእምሮ ሕክምና ረገድ ግን አገልግሎቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ቆይቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም የጤና ድርጅት ድጋፍ በዚሁ ሆስፒታል ለነርሶች የአንድ ዓመት ሥልጠና መሰጠት ሲጀምርና ሠልጣኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ሲመደቡ፣ አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ከዋና ከተማው ወጣ። የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የምንረዳው በክፍለ ሀገር የአእምሮ ሕክምናን የጀመሩት ነርሶች እንደሆኑ፣ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ግን የመጡት ከዓመታት በኋላ መሆኑን ነው። ቀጥሎም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጎንደሩ ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር በመተባበር፣ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የተቀናጀ የክሊኒክና የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ እንዲወርድና ከአጠቃላይ ሕክምና ጋር እንዲቀናጅ አቅጣጫ ሰጥቷል።

እንግዲህ ከአንድ ዓመት ሥልጠና እስከ ሁለተኛ ዲግሪ የሚደርስ መሰላል ተዘርግቷል ማለት ነው። ይህ ሊደነቅ የሚገባው ሥራ ነው። ጥያቄው መሰላሉ ባለሙያውን ወዴት ያወጣዋል የሚለው ነው። መሰላል የሚወጣ ሰው ከሕመምተኛው እየራቀ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚደርስ ከሆነ፣ ሥልጠናው ዲግሪ እንጂ ሕክምና አላፈራም።

፪. የዘነበወርቅ ልምድ

ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተመሠረተውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሐድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአጭሩ አለርት፣ ተቋቋመ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የሥጋ ደዌን ባሲል ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከጎኑ ተመሠረተ። ሕክምና፣ ሥልጠናና ምርምር በአንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ጎን ለጎን የቆሙበት ሥፍራ በአገሪቱ ብዙ አይገኝም።

የአለርት ሥልጠና ለትምህርት ተመራማሪ የሚሰጠው ቁም ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሠልጣኙ የሚማረው በሕመምተኛው እጅና እግር ላይ ነበር። ነርቩን በጣቱ እየዳሰሰ፣ የመዳፉን ስሜት እየፈተነ፣ የዐይኑን መከደን እያየ ይማር እንጂ የምልክቶችን ዝርዝር በቃል በማጥናት ብቻ አያልፍም። ሁለተኛ፣ ሕክምናው በግቢው አጥር አልተወሰነም። ማዕከሉ በሸዋ ገጠር የሥጋ ደዌ ቁጥጥር ሥራ ያካሄድ ስለነበር ሠልጣኙ የሕመሙን ሌላ ገጽ፣ ማለትም የሕመምተኛውን ቤት፣ መንገዱንና ጎረቤቱን፣ ሊያይ ችሏል። ሦስተኛ፣ በመስክ የሚሠራው ረዳት ለብቻው አልተተወም፤ ከእርሱ በላይ ያለው ባለሙያ በየጊዜው እየሄደ ሥራውን ያይለትና ያርምለት ነበር።

የዚያኑ ያህል ግን ዘነበወርቅ የሚያስጠነቅቀው ነገር አለ። አንድን ሕመም ለማከም የተለየ ሥፍራ ሲዘጋጅ ሕመምተኛው ከየአገሩ ወደዚያ ይጎርፋል፤ ታክሞ ሲያበቃም ወደ ተገለለበት ቀዬ መመለስ ስለሚያስፈራው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ይቀራል። የዘነበወርቅ አካባቢ በከፊል የተቆረቆረው በዚህ ዓይነት ነው። ሕክምናው በመልካም ሁኔታ በተሰጠ ቁጥር ሰፈሩ ከከተማው ተለይቶ የሚታወቅበት ስም ጸንቶበታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የብዙ መድኃኒቶችን ጥምር ሕክምና መክሮ የሥጋ ደዌ የሚድን ሕመም ከሆነና ክትትሉም ወደ አጠቃላይ ጤና አገልግሎት ከተዛወረ በኋላ እንኳ መገለሉ ከባሲሉ ጋር አብሮ አልሞተም።

የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና በአንድ ልዩ ሆስፒታል አጥር ውስጥ ብቻ ሲሰጥ ይኸው አደጋ ይደርስበታል። «ቆማጣ» እና «እብድ» የሚሉት ሁለት ቃላት ሰውን ከሰው ተራ በማውጣት ረገድ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተዋል። የሥልጠናው ቦታ የእነዚህን ቃላት ድንበር ተከትሎ ከተሠመረ፣ ሠልጣኙ ሳያውቀው ሕመምተኛው የተለየ ፍጡር ነው የሚለውን እምነት ይዞ ይወጣል።

፫. ስለ ልምምዱ ቦታ

የአእምሮ ሆስፒታል ለሠልጣኝ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ማረጋጋት፣ የክሎርፕሮማዚንና የሃሎፔሪዶልን ጥቅምና ጉዳት መለየት፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብን ሰው ሌሊቱን መጠበቅ በሌላ ቦታ በቀላሉ አይማሩትም። ይሁን እንጂ በተጨናነቀ የአእምሮ ሆስፒታል የሚታየው ሕመም በኅብረተሰቡ ውስጥ ካለው ጥቂቱና እጅግ የከፋው ነው። ሠልጣኙ ዓመቱን ሙሉ ይህን ብቻ አይቶ ከወጣ፣ የአእምሮ ሕመም ማለት ልብሱን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ማለት መስሎ ይታየዋል። በወረዳ ሆስፒታል ሲመደብ ግን በሩ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው በአብዛኛው ሌላ ነው። እንቅልፍ ያጣች እናት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ፣ በመጠጥ የተጎዳ አባወራ፣ ምክንያቱ ባልታወቀ የሰውነት ሕመም ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲንከራተት የኖረ ሰው ይጠብቁታል።

ስለዚህ ለልምምድ የሚሆነው ሁለተኛ ሥፍራ እንደ ዘነበወርቅ ያለ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። ለዚህም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል በተካሄደ ጥናት፣ ከተመረመሩት የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቷል፤ ይህም በሌላ የቆዳ ሕመም ከመጡት እጅግ የላቀ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለአእምሮ ሕክምና አልመጡም፤ የመጡት ለቁስላቸው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን በብዙ የምርመራ ክፍል ሕመሙን የሚደብቀው ሕመምተኛው ሳይሆን ሳይጠይቅ የሚያሰናብተው ባለሙያ ነው።

ይህ ሥፍራ ለሠልጣኙ የሚሰጠው ትምህርት በዝርዝር ሲታይ ከፍተኛ ጥቅም ያለው ነው። በሥጋ ደዌ ነርቩ የተጎዳ ሰው የእግሩ ስሜት ስለሚጠፋ በየዕለቱ እግሩን ማየት፣ በውኃ መዘፍዘፍና ቅባት መቀባት አለበት። ድባቴ የያዘው ሰው ግን በመጀመሪያ የሚተወው ራሱን መንከባከብ ነው። እግሩን ማየት ይተዋል፤ ቁስሉ ይከፋል፤ ቁስሉ ሲከፋ መገለሉ ይጨምራል፤ መገለሉ ሲጨምር ድባቴው ይበረታል። ቁስል የምታጥብ ነርስ ይህን ሰንሰለት ካልተረዳች በየሳምንቱ ፋሻ ስትለውጥ ትኖራለች። የአእምሮ ሕክምና ነርስም ቁስሉን ካላየ የድባቴውን ግማሽ ምክንያት አያገኘውም።

በመድኃኒት ረገድም እንዲሁ ነው። የሥጋ ደዌ ሪአክሽን ሲነሣ ነርቭን ለማዳን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ሊነሣ፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም ቁጣ ሊያስከትል፣ አንዳንዴም ከእውነታ ሊያለያይ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ አልፎ አልፎ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ሃሎፔሪዶልን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ደህና የነበረው ሕመምተኛ የነቀርሳ መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማጥናት ይቻላል፤ ነገር ግን የነቀርሳ ክፍሉ፣ የቆዳ ክፍሉና የአእምሮ ክሊኒኩ በሚደጋገፉበት ግቢ ውስጥ የተማረው ነርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ነው። በአእምሮ ሆስፒታል ብቻ የተማረው ግን መጠኑን ለመጨመር ይቸኩላል።

ሦስተኛው ሥፍራ ሰፈሩ ራሱ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዘነበወርቅ አጠገብ ባለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር በደረሰው ናዳ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቤተሰቡን በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው የሚያስፈልገው የአእምሮ ሆስፒታል አልጋ አይደለም። የሚያስፈልገው ኀዘንን ከሕመም ለይቶ የሚያውቅ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ማዳመጥ የሚችል፣ የዕድሩን፣ የንስሐ አባቱንና የጎረቤቱን ድርሻ የሚያከብር፣ ከወራት በኋላም ማን ገና እንዳልተነሣ ተመልሶ የሚጠይቅ ባለሙያ ነው። የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት በስሙ «የማኅበረሰብ» የሚል ቃል ተሸክሟል። ቃሉ ዕዳ ነው፤ የሚከፈለውም ሠልጣኙ ከግቢ ወጥቶ በቆየባቸው ቀናት ነው።

፬. ስለ ትምህርቱ ቋንቋ

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በቀዶ ሕክምና ወይም በላቦራቶሪ ይህ የሚያስከትለው ችግር ሊቻል ይችላል፤ አጥንት በየትኛውም ቋንቋ አጥንት ነው። በአእምሮ ሕክምና ግን የመመርመሪያ መሣሪያው ንግግር ነው። ሠልጣኙ የድባቴን ምልክቶች በእንግሊዝኛ ቆጥሮ አጥንቶ ፈተናውን ያልፋል። ሕመምተኛዋ ግን «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይሸበራል»፣ «ሆድ ይብሰኛል»፣ «ሰው ማየት አስጠላኝ» ትላለች። ሌላው ሕመሙን በዛር፣ በቡዳ ወይም በመተት ስም ይነግረዋል። እነዚህን አነጋገሮች ከሕመም ምልክት ጋር የማዛመድ፣ የዘወትር ብሶትንም ከሕመም የመለየት ችሎታ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ የለም።

በዚህ ምክንያት ሠልጣኙ ሳይታወቀው የሚያከናውነው ሥራ ትርጉም ነው። የሰማውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በካርድ ላይ ይጽፋል፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው ከሕመምተኛዋ አንደበት የወጣው አይደለም። በዚህ ሂደት ብዙ ነገር ይጠፋል። «ራሴን ያቃጥለኛል» ያለችው ሴት የራስ ምታት መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች። በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ሕመሙን የሚገልጽ ሰው በአማርኛ ሲጠየቅ ደግሞ መንገዱ እጥፍ ይሆናል፤ ዘነበወርቅ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር ሕመምተኛ የሚመጣበት ሥፍራ እንደመሆኑ ይህን ችግር በየዕለቱ ያሳያል።

ይህ ሲባል ግን እንግሊዝኛው ይቅር ማለት አይደለም፤ የምርምር ጽሑፉና የመድኃኒቱ ዕውቀት የሚገኘው በዚያ ነው። የሚያስፈልገው የሕመምተኛ ቃለ መጠይቅ ትምህርትና ፈተናው በሕመምተኛው ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ሠልጣኙም የሰማውን ቃል በቃል በራሱ በቋንቋው እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። በየክፍሉ የተሰበሰበው የሕሙማን አነጋገር ተጠናቅሮ ቢታተም ለመጪዎቹ ሠልጣኞች ከብዙ የውጭ መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማል።

፭. ስለ ሰዓት፣ ስለ ፈተናና ስለ ክትትል

የከፍተኛ ነርስነት ሥልጠና በብዙ አገሮች የሚለካው በተግባር ልምምድ ሰዓት ነው። በአሜሪካ በአገር አቀፍ መመዘኛው ቢያንስ 500 ሰዓት የነበረው የቀጥታ ሕክምና ልምምድ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 750 ከፍ ብሏል። ሰዓት መቁጠር መልካም ነው፤ የማይቆጠር ልምምድ ቶሎ ይረሳል። ሆኖም ሰዓቱ ሠልጣኙ በክፍሉ ውስጥ መገኘቱን እንጂ ሲሠራ የታየ መሆኑን አያረጋግጥም። ነጭ ጋዎን ለብሶ ከተራ ዙር ኋላ የቆመ ሠልጣኝና ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጦ ከዚያ በአስተማሪው የታረመ ሠልጣኝ በመዝገቡ ላይ እኩል ሰዓት ያገኛሉ። ስለዚህ ከሰዓቱ ጎን የሚቆጠር ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም አስተማሪ ባለበት የተደረገና የታረመ ቃለ መጠይቅ ብዛት ነው።

ከሁሉ የበለጠው ጥያቄ ግን ሠልጣኙ ከተመረቀ በኋላ ምን ይሠራል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ በደቡብ መካከለኛ ኢትዮጵያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ጥናት ልብ ሊባል ይገባል። ጥናቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ አጠቃላይ የጤና ሠራተኞች የሚሰጡትን ክብካቤ፣ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ጋር አነጻጽሮ፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የጤና ጣቢያው ውጤት ከሆስፒታሉ ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የመሙላት መርሐ ግብርም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ውጤት ለሚያነብ ሰው ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንደኛው፣ አጭር ሥልጠና ከበቃ ከፍተኛው ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ይህ የቸኮለ ድምዳሜ ነው። አጭር ሥልጠና የወሰደ የጤና ጣቢያ ነርስ ብቻውን ቢተው የተማረውን ቀስ በቀስ ይረሳል፤ ያልገጠመው ዓይነት ሕመም ሲመጣ ይደናገጣል፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ሲያስፈራውም ሥራውን ይተወዋል። ሁለተኛውና ትክክለኛው መንገድ የከፍተኛውን ባለሙያ ሥራ እንደገና መተርጎም ነው። ከፍተኛ ሥልጠና ያገኘ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ዋና ሥራው ቀላሉን ሕመም ሁሉ በእጁ ማከም መሆኑ ይቀርና፣ ዐሥር ጤና ጣቢያዎችን እየዞረ ማስተማር፣ የታካሚ ካርድ ማየት፣ አስቸጋሪውን ሕመም መረከብና የተሻለውን መልሶ መስጠት ይሆናል። አለርት በገጠር ያካሄደው የቁጥጥር ሥራ የተመሠረተበት ድጋፋዊ ክትትል ይኸው ነው።

ሥልጠናው የሚተቸውም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ማስተማርና መከታተል ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጥሩ ሐካሚ ስለሆኑ ብቻ ጥሩ ተቆጣጣሪ መሆን አይቻልም። ስሕተትን ሳያዋርዱ ማረም፣ የሥራ ባልደረባን ፍርሃት ማዳመጥ፣ ቀጠሮ ቀርቶ የጠፋን ሕመምተኛ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ማፈላለግ፣ የመድኃኒት አቅርቦት እንዳይቋረጥ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ሁሉ ይማሩታል እንጂ አብሮ አይወለድም። የክሊኒክ ዕውቀት በየሴሚስተሩ በፈተና ሲመዘን እነዚህ ችሎታዎች ያለ ምዘና ከታለፉ፣ ሠልጣኙ ዋና ሥራውን ከትርፍ ሰዓት ሥራ ይቆጥረዋል። በትምህርት ዓለም የማይፈተን ነገር የማይጠና መሆኑን የማያውቅ አስተማሪ የለም።

፮. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ለዚህ ሂስ ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው፣ አሠልጣኞቹ ጥቂት በሆኑበት አገር ልምምድን በሦስት ሥፍራ መበተን ጥራቱን ያወርዳል የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን በአንድ ሥፍራ መከማቸትም የራሱ ዋጋ አለው፤ ብዙ ሠልጣኞች አንድን ሕመምተኛ ከብበው ሲቆሙ የሚጎዳው ትምህርቱ ብቻ አይደለም፣ ሕመምተኛውም ይሸማቀቃል። ከዚህም ሌላ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የራሳቸው ነርሶች፣ የቆዳና የነቀርሳ ባለሙያዎች ስላሏቸው ሠልጣኙ ከእነርሱ ይማራል፤ እነርሱም በተራቸው ስለ አእምሮ ሕመም ከእርሱ ይማራሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ነርስ ሲመረምርና መድኃኒት ሲያዝዝ የሐኪሙን ወሰን ይጥሳል የሚል ነው። ይህ ክርክር በሌሎችም አገሮች ተነሥቷል። በኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ በክርክር ሳይሆን በኑሮ ተወስኗል፤ ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል የአእምሮ ክሊኒኩን ሲያካሂዱ የኖሩት ነርሶች ናቸው። ስለዚህ አስፈላጊው ነገር ሥልጣናቸውንና ኀላፊነታቸውን በግልጽ መጻፍ፣ ከአቅም በላይ የሆነውንም ሕመም የሚልኩበትን መንገድ ማበጀት ነው። ወሰኑ ሳይጻፍ የሚሠራ ነርስ መልካም ሲሠራ አይመሰገንም፤ ሲሳሳት ግን ብቻውን ይጠየቃል።

መደምደሚያ

በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ በጥቂት ነርሶች የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና እስከ ሁለተኛ ዲግሪ መድረሱ የሚያኮራ ነው። አሁን የቀረው ሥልጠናውን ከሥራው ጋር ማስማማት ነው። ለዚህም የልምምዱ ጊዜ በአእምሮ ሆስፒታል፣ በአጠቃላይ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያ መካከል በእኩል ዐይን ቢከፋፈል፤ የቃለ መጠይቅ ትምህርትና ፈተና በሕሙማኑ ቋንቋ ቢሆን፤ ከልምምድ ሰዓት ጋር አስተማሪ ያረመው ቃለ መጠይቅ ቢቆጠር፤ ሌሎችን የማስተማርና የመከታተል ችሎታ ለምረቃ እንደ አንድ መመዘኛ ቢወሰድ፤ ተመራቂውም ከተመደበ በኋላ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ከበላዩ የሚጠይቀው ሰው ቢኖረው፣ ሥልጠናው የታሰበለትን ፍሬ ይሰጣል።

የሥጋ ደዌ መድኃኒት ሲሰጥ ሪፋምፒሲኑን በወር አንድ ጊዜ በጤና ሠራተኛ ፊት መዋጥ የተለመደ ሥርዐት ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ነርሷ እጁንና እግሩን ታያለች። እንቅልፉንና ሐሳቡንም እንድትጠይቅ የሚያስፈልጋት አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ ማሽን አይደለም፤ የሚያስፈልጋት ጥያቄውን ያስተማራትና መልሱን ስታመጣ የሚያዳምጣት ከፍተኛ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለውን ባለሙያ የሚያፈራ ሥልጠና በዘነበወርቅም ሆነ በሩቅ ወረዳ ላለው ሕመምተኛ እኩል ይደርሳል።